አያቶቻችንን ዝም ያሰኘው ፊደል አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለውን ጽሑፍ እኔም አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ፊደል የገባበት የቃል ባህል ሁሉ ይሞታል። ሰው ማንበብ ሲጀምር በቃሉ መያዝ ይተዋል። ልጅ ሽማግሌ መስማት ያቆማል። ተረቱ ወረቀት ላይ ይደርቃል። ፊደል ራሱ ከውጭ የተጫነ ነገር ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የጠፋው ባህልም ለዚህ ምስክር ነው ይላሉ። መጨረሻ ላይ ምክር አላቸው፦ እስከ ዛሬ ያልተጻፉ ቋንቋዎችን እንዳሉ እንተዋቸው፣ ፊደል አንቅረጽላቸው፣ መጽሐፍም አናትምላቸው።

ጽሑፉ ከልብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው አያቶቻቸውን እንደሚወዱ ያስታውቃል። እኔም አያቴን እወዳታለሁ፣ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ግን ያቺ የመጨረሻ ምክር አስደነገጠችኝ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

"የጻፈ ይረሳል" ብለው ይጀምራሉ። እኔ ይህን ሳነብ ቶሎ የመጣብኝ የቆሎ ተማሪ ነው። እኛ አገር እኮ ፊደል ትናንት አልገባም። ግዕዝ መጻፍ ከጀመረ ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ያ ሁሉ ዘመን ፊደል የቆጠረው ሰው በቃል መያዝ ተወ? የቤተ ክህነቱን ትምህርት እንይ። ልጁ ቀን ቀን ንባብ ይማራል። ሌሊት ደግሞ "የቃል ትምህርት" አለበት። ስሙ ራሱ እንዲያ ነው። ያለ መጽሐፍ፣ በጨለማ፣ መምህሩ ወይም ታላቁ ተማሪ እያስቀጸለው ጸሎቱን በቃሉ ያወጣል። ማንበብ የሚችል ልጅ ነው ይህን የሚያደርገው። ዳዊቱን ገልጦ ማንበብ ይችላል፣ ግን በቃሉ እስኪወጣው ድረስ አወቀው አይባልም።

ዜማ ቤት ቢገባም ያው ነው። ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያዘጋጇቸው እንደሆነ ይነገራል። ምልክቶቹን ለማያውቅ ሰው መጽሐፉን ብትሰጡት አንድ ቃል አያዜምበትም። ምልክቱ የሚሠራው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ለሰማ ሰው ነው፣ የሰማውን ያስታውሰዋል። ጽሑፉ ለጆሮ ተላላኪ ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

ስለ ቅኔ ቤትማ ምን እላለሁ። ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ወጣ ብሎ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ይቀመጣል፣ ሐሳቡን በልቡ ያመላልሳል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ግን ሰሟንና ወርቋን ለማስማማት አንድ ጎበዝ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ሊውል ይችላል። ይህን የሚያደርገው ሰው ፊደል የቆጠረ፣ ዳዊት የደገመ፣ አገባብ የተማረ ሰው ነው። ታዲያ ፊደሉ የት ላይ ነው አፉን የዘጋው?

የሌላ አገር ምሳሌም አለ። ላይቤሪያ ውስጥ ቫይ የሚባል ሕዝብ አለ። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ዱዋሉ ቡከሌ የሚባል ሰው ለገዛ ቋንቋቸው ፊደል ሠራላቸው። ፊደሉን ሰው የሚማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይሆን ቤቱ፣ ከዘመድ ከጓደኛ ነው። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል የሚባሉ ተመራማሪዎች እዚያ ለዓመታት ሠርተው ውጤቱን በ1981 አሳተሙ። የፈለጉት መጻፍ የሰውን አስተሳሰብ ከሥር መሠረቱ ይለውጥ እንደሆነ ማወቅ ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ለውጥ አላገኙም። ብዙ ሰው የፊደል ውጤት ነው የሚለው ነገር አብዛኛው የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። ደብዳቤ መጻፍ የለመደ ሰው ነገርን ለሌላ ሰው አብራርቶ መንገር ተሻለው፣ ይኸው ነው። ደስ ያለኝ ግን ሌላው ነው። ከመካከላቸው ቁርአን የቀሩት ሰዎች ነገሮችን በቅደም ተከተል በቃል በመያዝ ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ማንበብ የሚያውቁ ናቸው። በቃል እየያዙ ስለተማሩ ያን ችሎታ አዳበሩት። ሰው የሚያስታውሰው የሠራበትን ነው።

የቃል ትዝታ ደግሞ እንደ ድንጋይ ሐውልት የማይነቃነቅ ነገር አይደለም። ሰሜን ጋና ውስጥ ጎንጃ የሚባል ግዛት ነበረ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንግሊዞች የአገሩን አመሠራረት ጠይቀው ሲጽፉ፣ መሥራቹ ጃክፓ ሰባት ልጆች ነበሩት፣ ለሰባቱም አገር አካፈላቸው ተባለ። ያኔ የግዛቱ ክፍሎች ሰባት ነበሩ። በኋላ ሁለቱ ክፍሎች ጠፉ። ከ60 ዓመት በኋላ ታሪኩ እንደገና ሲሰበሰብ ጃክፓ የነበሩት ልጆች አምስት ሆኑ። ማንም አልዋሸም። ሁለቱ ልጆች አስፈላጊነታቸው ስላበቃ ቀስ ብለው ከአፍ ወጡ። እኔ ይህን የምለው የቃል ታሪክን ለማሳነስ አይደለም፣ ራሱን ከኑሮው ጋር እያስታረቀ መኖሩ አንዱ ጥበቡ ነው። ግን ጸሐፊው "ሽማግሌ አይረሳም" ሲሉ ትክክል አይደሉም። እነዚያ ሁለት ልጆች እንደነበሩ ዛሬ የምናውቀው ቀድሞ የተጻፈ ወረቀት ስለተገኘ ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ሽማግሌን ይመለከታል። "ፊደል ልጁን ከአባቱ በላይ አስቀመጠው" ይላሉ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ያዩት ነገር እውነት ነው። ምክንያቱን ግን ገልብጠውታል።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ሙሾ አውራጅ ነበረች፣ ከሦስት ቀበሌ እየተጠራች የምትሄድ። ልጇ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄደ። ደብዳቤ ይልካል። እምዬ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ደብዳቤው በመጣ ቁጥር የጎረቤት ልጅ ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ "ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ" እያለ ያነባል። ስድስተኛ ክፍል ነው። እምዬ እሱ ፊት ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። የልጇ ድምፅ በዚያ ልጅ አፍ ነው የሚመጣው፣ ምስጢሯን ሁሉ ያውቃል፣ መልሱንም የሚጽፍላት እሱ ነው።

በ1972 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት አልፏት መሠረተ ትምህርት ገባች። ማታ ማታ በፋኖስ። ጨርሳ የምስክር ወረቀቷን ስትይዝ መጀመሪያ ያደረገችው ሙዳይዋን ከፍታ የድሮ ደብዳቤዎቹን ማውጣት ነው። አንድ በአንድ፣ በጣቷ እየተከተለች። አንዱ ላይ ደረሰች። "እግሬን ተመትቼ ሁለት ወር ሆስፒታል ነበርኩ፣ አሁን ድኛለሁ፣ እማ አታስቢ" ይላል። ይህ አልተነበበላትም ነበር። ትደነግጣለች ብለው ትልልቆቹ ልጁን እንዲዘለው ነግረውት ኖሯል። እምዬ ያን ቀን አለቀሰች። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፣ ለእሱ አልነበረም። "ልጄ ነግሮኝ ሳልሰማው ቀረሁ" ብላ ነው።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህንን ነው። እምዬን ከልጅ በታች ያስቀመጣት ምንድን ነው? ፊደል ማወቋ ነው አለማወቋ?

ይህ ነገር በስደት አገርም አለ። ቤተ እስራኤላውያንን ተመልከቱ። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጉዘዋል። ከመካከላቸው መንደር ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌዎች፣ ኦሪት በግዕዝ የሚያነቡ ቄሶች ነበሩ። እስራኤል ሲገቡ የባንኩን ወረቀት፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ የሚያነብላቸው የአሥር ዓመት ልጅ ሆነ። እነዚያ ቄሶች እኮ ፊደል የቆጠሩ ናቸው! ፊደላቸው እዚያ ቢሮ ውስጥ አይሠራም እንጂ። አሜሪካም ያለ ወላጅ ይህን ያውቀዋል። ሽማግሌውን የሚያሳንሰው ሥልጣን ሁሉ ወረቀት ላይ ሲሆንና ወረቀቱ ደግሞ እሱ በማያነበው ቋንቋ ሲጻፍ ነው።

አንድ ነገር ልመንላቸው። ወረቀት የሽማግሌን ቃል የሻረበት ቀን አለ፣ ቁጥርም አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበሩትን ደንቦች፣ በልማድ የኖሩትንም ጭምር፣ ሻረ። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፣ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ነበር። ከዚያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ። ቦረና ወይም ሲዳማ ውስጥ ሕግን በቃላቸው ይዘው ሲዳኙ ለኖሩ አባት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሕጋቸው መሻሩን የሚናገረው ወረቀት እንኳን በቋንቋቸው አልተጻፈም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አብሬ አዝናለሁ። ብዙው ገበሬም ያላነበበውን ወረቀት በአውራ ጣቱ እየፈረመ ኖሯል። ግን ከዚህ ተነስቶ "ስለዚህ ፊደል አናስተምራቸው" ማለት ለእኔ አይገባኝም። ጣቱን ቀለም ውስጥ የነከረው ሰው ቢያነብ ኖሮ ይጎዳ ነበር?

ሦስተኛው ነጥብ፣ "ጽሑፍ ተረትን ያደርቃል" የሚለው፣ ከሁሉም ጠንካራው ነው። አያት ተረት ስትተርት እንደ ልጁ፣ እንደ ማታው ታሳጥራለች፣ ታስረዝማለች። መጽሐፍ ላይ ሲሰፍር አንዱ መንገድ ብቻ ይቀራል፣ ልጁም "መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም" ብሎ አያቱን ማረም ይጀምራል። ይህ ይሆናል፣ አይቻለሁም። ሚልማን ፓሪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ተማሪው አልበርት ሎርድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዩጎዝላቪያ ሄደው በአንድ አውታር መሣሪያ እየተጫወቱ ረጃጅም የጀግና ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎችን ቀዱ። አንዱ፣ አቭዶ ሜጄዶቪች፣ ሥጋ ሻጭ ነው፣ ማንበብና መጻፍ አይችልም፣ ግን ከ12,000 መስመር በላይ ያለው አንድ ዘፈን ከአፉ ተጽፏል። ሎርድ በኋላ የደረሰበት ሐሳብ ለክርክራችን ይጠቅማል። መጻፍ ብቻውን አዝማሪውን አይገድለውም ይላል። የሚገድለው አዝማሪው "ትክክለኛው ቃል መጽሐፉ ላይ ያለው ነው" ብሎ ሲያምንና እያንዳንዷን ቃል መሸምደድ ሲጀምር ነው።

ይህንን አደጋ የማየው በልማድ ሕግ ላይ ነው። ጉሚ ጋዮ የሚባለው የቦረና ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕጉን ያያል፣ የሚጨመረውን ይጨምራል፣ የሚሻረውን ይሽራል። አንድ ቀን ተጽፎ ታትሞ "ይኸው ሕጉ" ቢባል፣ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚሰበሰበው ጉባኤ ከመጽሐፉ ጋር ሊጣላ ይችላል። ስለዚህ ሲጻፍ የዚያ ዘመን ጉባኤ ቃል ተብሎ፣ ዘመኑ ተጠቅሶ መጻፍ አለበት። ለአስተዋይ ሰው ይህ የሚቻል ነገር ነው።

ግን ሶማሌዎችን ተመልከቱ። በግጥም የሚጣሉ፣ በግጥም የሚታረቁ ሕዝብ ናቸው። ገጣሚው የገጠመውን ሌላ ሰው በቃሉ ይዞ በግመል ጉዞ ያደርሰዋል። ሶማሊያ በጥቅምት 1972 እ.ኤ.አ. ለቋንቋዋ የላቲን ፊደልን መረጠች። ከሁለት ዓመት በኋላ ተማሪው ከአስተማሪው ጋር ወደ ገጠር ዘምቶ አርብቶ አደሩን ማስተማር ጀመረ። በጸሐፊው አባባል ከሄድን ግጥሙ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። የሆነው ሌላ ነው። በ1976 ገጣሚው ጋሪዬ የሶማሊኛ ግጥም ምጣኔ እንዴት እንደሚሠራ በጋዜጣ ላይ አብራርቶ ጻፈ። ገጣሚዎቹ ልኩን በጆሯቸው ያውቁታል፣ የተሰበረ መስመር ሲሰሙ ይቆረቁራቸዋል፣ ግን ቆጥሮ ያሳየ አልነበረም። በ1979 ገደማ ደግሞ ጋሪዬና ሃድራዊን ጨምሮ በርካታ ገጣሚዎች መንግሥትን የሚተቹና የሚሟገቱ ግጥሞችን እርስ በርስ መመላለስ ጀመሩ። የሁሉም ግጥም መስመር በ"ደ" ድምፅ የሚጀምር ቃል ይዞ ይሄዳል። ግጥሞቹም በካሴት እየተባዙ ከቤት ቤት ዞሩ። ፊደሉም አለ፣ ካሴቱም አለ፣ የሰው አፍም አለ። አንዱ ሌላውን አላባረረም።

እኛም ጋ አዝማሪ ቤት ግቡ። ዲግሪ ያለው ሰው ተነስቶ "ተቀበል!" ይላል። አዝማሪው ይቀበላል።

"ፊደል የውጭ ነገር ነው" ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። የቫይን ፊደል ቫዩ ራሱ ሠራው። ሴኮያ በ1821 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ላለው ለቼሮኪ ሕዝብ ፊደል የሠራላቸው እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል ነው። የጊኒው ሶሎማና ካንቴ በ1949 ንኮ የሚባለውን ፊደል ለማንዲንግ ቋንቋዎች ፈጠረ። ሰው የራሱን ቃል በራሱ ምልክት ማኖር ሲፈልግ ማንም አላስገደደውም።

አስቴር ገኖን ግን ሳላነሳ አላልፍም። በልጅነቷ ከኦሮሞ አገር በባርነት ተወሰደች። በ1886 እ.ኤ.አ. ጣልያኖች መርከቡን ይዘው ነጻ አወጧትና ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚስዮን ደረሰች። እዚያ ፊደል ተማረች። ከአገሯ፣ ከእናቷ፣ ከዚያ ሁሉ ጆሮ ርቃ ሳለ፣ በቃል የሚኖሩ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን ወደ 500 ሰበሰበች። ከዚህ ሥራዋ የተወሰነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከተረጎመው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁትና በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። እስቲ ይህችን ልጅ አስቡ። ከልጅነቷ የነጠቋትን ድምፅ መልሳ የያዘችው በምንድን ነው? ጸሐፊው በዚያ ዘመን ቢኖሩ "ኦሮምኛ ያልተጻፈ ቋንቋ ነው፣ እንዳለ ተዪው" ይሏት ነበር?

የመጨረሻው የመሠረተ ትምህርት ነገር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ሰው ማንበብ አይችልም ነበር። ዘመቻው ጉድለት ነበረበት። ግዴታ ነበር፣ መጽሐፎቹ ውስጥም የመንግሥቱ ፖለቲካ አለ። ይህንን አልክድም። ግን ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፣ ከዚያ በፊት በንጉሡ ጊዜ ከአገሩ ቋንቋዎች የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማሪያ የነበረው አማርኛ ብቻ ነበር። ወላይትኛ የሚናገር ሰው የእናቱን ቃል ሰሌዳ ላይ ያየበት ዘመን ነው። ጸሐፊው "በዚያ አሥር ዓመት ሙሾው፣ ተረቱ፣ የደቦ ዘፈኑ ጠፋ" ይላሉ። በዚያ አሥር ዓመት ምን ምን ሆነ? ጦርነት ነበር። የ1977ቱ ረሃብ ነበር። 600,000 ገደማ ሰው ከቀዬው ተነስቶ ወደ ሰፈራ ተወሰደ። መንደር ምሥረታ መጣ። ሙሾ የሚያወርደው መንደር ሲበተን፣ ደቦ የሚወጣው ጎረምሳ ግንባር ሲሄድ፣ ዘፈኑ ማን ጋ ይቆያል? ይህንን ሁሉ ትቶ ጥፋቱን ማታ በፋኖስ ሀሁ በቆጠረች ሴት ላይ መጣል ያሳዝናል።

ያልተጻፈውን ቋንቋ "እንዳለ እንተወው" የሚለው ምክርም ቢሆን እንዳለ አይተወውም። ሬዲዮው ገብቷል፣ ስልኩ ገብቷል፣ የመሬት ወረቀቱ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያው፣ የክትባት ካርዱ ሁሉ ገብቷል። ሁሉም በሌላ ቋንቋ። ልጁ እነዚህን ለማንበብ የሌላውን ፊደልና የሌላውን ቋንቋ መማሩ አይቀርም። የሚከለከለው የራሱን ብቻ ነው።

እምዬ ከተማረች በኋላ ሙሾ ማውረድ አላቆመችም። ለቅሶ ቤት ወረቀት ይዛ ገብታ አታውቅም፣ እዚያ ደርሳ ሰውየውን እያሰበች ነው የምታወርደው። ደብተር ግን ነበራት። የዕድር ሒሳብ፣ ያበደረችው እንቁላል፣ የልጆች ልደት ቀን የምትጽፍበት። አያቴ፣ ባሏ፣ ሲሞት ያወረደችውን ከብዙ ወር በኋላ አንድ ገጽ ላይ በእርሳስ ጽፋው አገኘሁ፣ ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ አንዳንዱ ተገልብጧል፦

ሞፈሩም ተሰቅሏል ቀንበሩም ከጓዳ፣
ባለቤቱ ሄዶ ቤቱ ሆነ እንግዳ።

ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ካወረደችው ውስጥ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው። የቀረውን እናቴን ጠየቅኋት፣ አክስቶቼን ጠየቅኋቸው። ግማሽ ግማሽ መስመር ያስታውሳሉ።